ከቀለሙ በፊት ጣሪያው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአዲስ አበባ የታክሲ ረዳቶች ቀኑን ሙሉ ከሚጠሯቸው ሰፈሮች መካከል «ብሔራዊ»፣ «አምባሳደር» እና «ሲኒማ ራስ» ይገኙበታል። ሦስቱም የቴአትርና የሲኒማ ቤት ስሞች ናቸው። ወደ ሥራው የሚጣደፈው ተሳፋሪ አንዴም ትኬት ቆርጦ አይግባ እንጂ፣ የሚወርድበትን ቦታ ስም የሰጠው አዳራሹ ነው። ሰፈሩ በአዳራሹ የተጠራው በዘመኑ ሰው በምሽት የሚሄደው ወደዚያ ስለነበረ ነው። ስሙ ዛሬም አለ፤ ምሽቱ ግን እየሳሳ መጥቷል።

ይህን ደብዳቤ ያጻፈን የመሀል ከተማው እድሳት ነው። ከመጋቢት 2016 ዓ.ም. ወዲህ ፒያሳ መልኳ ተለውጧል። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛ መሄጃው ተነጥፏል፣ መብራቱ ደምቋል። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ከተከፈተ ወዲህ ቀን ቀን ጎብኚ አለ። የቢሮና የሱቅ በር ሲዘጋ ግን ሰው ወደ መሀል ከተማ የሚመጣበት ምክንያት ያስፈልገዋል፤ ከተማዋም ለዚህ የሚሆኑ ቤቶችን ቀድሞውኑ ሠርታ አስቀምጣለች። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር አለ። በ1948 ዓ.ም. ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር አለ። የማዘጋጃ ቤቱ የቴአትርና ባህል አዳራሽ አለ፤ የፒያሳዎቹ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ኢምፓየርም አሉ። እንደነዚህ ያሉ ቤቶች ሲታደሱ ገንዘቡ በየትኛው ቅደም ተከተል ይውጣ የሚለው ነገር በመድረክ ቴክኒክ ለምንሠራ ሰዎች ከምንም በላይ ያሳስበናል።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንመልከት። 400 ወንበር ያለው አዳራሽ እንውሰድ። በሳምንት 4 ምሽት ቢሠራና ወንበሩ በአማካይ 60 በመቶ ቢሞላ በምሽት 240፣ በሳምንት 960 ሰው ይመጣል። በዓመት 46 ሳምንት ከሠራ 44,160 ሰው ማለት ነው። ይኸው አዳራሽ በሳምንት አንድ ምሽት ብቻ ከሠራ ቁጥሩ 11,040 ነው። ግድግዳው፣ መብራቱና ቀለሙ በሁለቱም ሂሳብ አንድ ዓይነት ነው፤ ለጎረቤቱ ቡና ቤት፣ ለምግብ ቤቱና ለታክሲው የሚለየው የምሽቶቹ ብዛት ነው። ስለዚህ አንድ የእድሳት ወጪ ሲቀርብ «ይህ ስንት ምሽት ይጨምርልናል?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል።

በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ያለችው ክሊቭላንድ ይህን በተግባር አሳይታለች። በዩክሊድ ጎዳና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1921 እና በ1922 ኦሃዮ፣ ስቴት፣ ሃና፣ አለንና ፓላስ የተባሉ አምስት ቴአትር ቤቶች ተከፍተው ነበር። ነዋሪው ወደ ዳርቻ ሲወጣና ቴሌቪዥን በየቤቱ ሲገባ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ከሃና በቀር ሁሉም ተዘጉ። በ1972 ኦሃዮንና ስቴትን አፍርሶ ቦታውን የመኪና ማቆሚያ ለማድረግ ታቅዶ ነበር። ቤቶቹን ለማዳን የተነሳው ሬይ ሼፐርድሰን የትምህርት ቦርድ ሠራተኛ ሲሆን፣ የተዘጉትን አዳራሾች ያገኛቸው የስብሰባ ቦታ ሲያፈላልግ ነው። እሱና አብረውት የነበሩት ለሙሉ እድሳት የሚበቃ ገንዘብ እስኪገኝ አልተቀመጡም። የስቴት ቴአትር መግቢያ አዳራሽ ከ97 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ዋናው አዳራሽ ገና ሳይታደስ በ1973 በዚያው መግቢያ ውስጥ አነስተኛ የሙዚቃ ትርኢት ከፈቱ። ለጥቂት ሳምንታት የታሰበው ትርኢት ከሁለት ዓመት በላይ ቆየ። ሰው በምሽት ወደ ጎዳናው መመለሱ ከታየ በኋላ የካውንቲው (የአካባቢው መንግሥት) አስተዳደር በ1977 ኦሃዮና ስቴት የሚገኙበትን ሕንፃ ገዛ። ኦሃዮ በ1982፣ ስቴት በ1984፣ ፓላስ በ1988፣ አለን በ1998 ተራ በተራ ተከፈቱ። ቴአትሮቹን የሚያስተዳድረው ድርጅት ከጊዜ በኋላ በዙሪያው ያሉ የቢሮ ሕንፃዎችንም ይዞ ያከራያል፤ ኪራዩ መድረኩን ይደግፋል።

እዚህ ላይ ለእኛ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ሥራው ሲጀመር አዳራሹ ሙሉ በሙሉ መዘጋት የለበትም። ዋናው አዳራሽ ሲታደስ በመግቢያው ወይም በልምምድ ክፍሉ 60 እና 80 ሰው የሚይዝ አጭር ቴአትር ማሳየት ይቻላል። የሚያስፈልገው ለብቻው የተከለለ መግቢያ፣ ሁለት መውጫ በርና ከግንባታው የተለየ የኤሌክትሪክ መስመር ነው። አንድ ቤት ሁለትና ሦስት ዓመት ድርግም ብሎ ከተዘጋ ተመልካቹ ሌላ ልማድ ያወጣል፣ ተዋንያኑም ይበተናሉ። እነሱን መልሶ መሰብሰብ ከግድግዳው ይልቅ ይከብዳል።

ሁለተኛው የወንበር ቁጥር ነው። 2,500 ወንበር የነበረው አለን እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ 500 ገደማ ሲቀነስ፣ ከ1,400 በላይ የነበረው ሃና ደግሞ በ2008 ወደ 550 ገደማ ወርዷል። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚያውቁት ሲልቨር ቴአትርም እንዲሁ ነው። በ1938 ተከፍቶ በ1980ዎቹ አጋማሽ ተዘጋ፤ በ2003 ሲመለስ ዋናው አዳራሽ ወደ 400 ወንበር ዝቅ ብሎ በጎኑ ሁለት ትናንሽ አዳራሾች ተጨመሩለት። ዛሬ አካባቢው የሀበሻ ምግብ ቤት የበዛበት ነው፤ በአዳራሹም የአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫል ይካሄዳል። ብዙ ወንበር ያለው ትልቅ አዳራሽ ግማሹ ባዶ ከሆነ ተዋናዩንም ተመልካቹንም ያቀዘቅዛል።

በእኛም አገር ወንበር ሲቀየር ቁጥሩ መቀነሱ አይቀርም፤ ይህ ግን በዕቅዱ ላይ ሳይጻፍ እየቀረ በኋላ ጭቅጭቅ ያመጣል። የድሮ ወንበር ወርዱ 48 ሳንቲሜትር፣ ከረድፍ እስከ ረድፍ 75 ሳንቲሜትር ነው እንበል። 20 ረድፍ በ30 ወንበር 600 ይሆናል። ወርዱ ወደ 55፣ የረድፉ ርቀት ወደ 90 ሲሰፋ በዚያው ቦታ የሚገባው 16 ረድፍ በ26 ወንበር፣ ማለትም 416 ነው። ወደ ሲሶ የሚጠጋ የትኬት ገቢ ሄደ ማለት ነው። ይህ የሚካካሰው በትኬት ዋጋ ነው ወይስ ምሽት በመጨመር? መልሱ ወንበሩ ከመታዘዙ በፊት ይገኝ። ቁጥሩ እንዳይቀንስ ተብሎ ረድፉ ከተጣበበ ደግሞ የመሀሉ ሰው ለመውጣት አሥር ሰው ያስነሳል፤ አደጋ በደረሰ ጊዜ የሚከተለውን ማሰብ ይከብዳል።

አሁን ወደ ጣሪያው። በመሀል ከተማ እድሳት ብዙ ጊዜ ከሚታየው ነገር ስለሚጀመር ግንባሩ ይቀባል፣ መብራት ይሰቀላል፣ ጣሪያው «በሚቀጥለው በጀት» ይባላል። ክረምቱ ግን በጀት አይጠብቅም። 500 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ ዶፍ ሲመጣ በሰከንድ 7 ሊትር ውኃ ወደ አሸንዳው ይወርዳል። ይህን አንድ ባለ 10 ሳንቲሜትር ቱቦ ብቻውን አይችለውም። ሁለት ያስፈልጋል፤ አንዱ ቢደፈን እንዲያግዝ ሦስት ቢሆን ይመረጣል። ቅጠልና አቧራ የሞላው አሸንዳ ውኃውን ወደ ውስጥ መልሶ ኮርኒሱ ላይ ያፈሰዋል። አሸንዳ መጥረግ የግንቦት ሥራ ነው፤ ከተጠረገ በኋላ አንድ ባልዲ ውኃ ከላይ አፍስሶ በታች በኩል በስንት ሰከንድ እንደሚወጣ ማየት በቂ ፈተና ነው።

የቴአትር ቤት ጣሪያ ከሌላው ቤት የሚለይበት አንድ ደካማ ቦታ አለው። ከመድረኩ በላይ ያለው ክፍል ከተመልካቹ አዳራሽ ከፍ ይላል። የዝቅተኛው ጣሪያ ቆርቆሮ ከረጅሙ ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት መስመር ከሁሉ አስቀድሞ ያፈሳል። ቆርቆሮው ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት በብርድ ይሰበሰባል፤ ግድግዳው ግን አይንቀሳቀስም። ክፍተቱን በሬንጅ መድፈን የተለመደ ነው፤ ሬንጁ አንድ በጋ ሳይሞላው ይሰነጠቃል። ትክክለኛው አሠራር መሸፈኛ ቆርቆሮውን በግድግዳው ላይ ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ወደ ላይ ማውጣት፣ ግድግዳውን 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ጠርቦ የቆርቆሮውን ጫፍ እዚያ ውስጥ ማስገባትና በኖራ መዝጋት ነው። በዚህ መስመር የገባ ውኃ በቀጥታ የሚወርደው መጋረጃውና የመብራት ሽቦው ላይ ነው። መጋረጃው ላይ ቡናማ ክብ ምልክት ካያችሁ፣ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ፤ ቀዳዳው እዚያ አለ።

ጣሪያው ማፍሰሱን ቢያቆምም ሌላ ችግር ይቀራል፤ የዝናቡ ድምፅ። በሐምሌና በነሐሴ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ የተዋናዩን ድምፅ ይውጠዋል። ድምፅ ማጉያ መጨመር ጩኸቱን ያበዛው እንደሆን እንጂ አያሸንፈውም። ከቆርቆሮው ሥር 10 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የማዕድን ሱፍ (ከቀለጠ ድንጋይ ወይም መስታወት የሚሠራ ድምፅ መግቻ)፣ ከሥሩ ደግሞ ከቆርቆሮው ጋር የማይነካካ ሁለት ድርብ ከባድ ሰሌዳ ይደረጋል። ሰሌዳው በየቦታው ከቆርቆሮው ተሸካሚ እንጨት ጋር በሚስማር ከተመታ ድምፁ በእንጨቱ በኩል ያልፍና ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

ግድግዳው ላይም አንድ ተደጋጋሚ ስህተት አለ። የቆዩት የመሀል ከተማ ቤቶች ብዙዎቹ በድንጋይና በኖራ ወይም በጭቃ የተያያዙ ናቸው። ይህ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይተነፍሳል። በሲሚንቶ ከተለሰነና በፕላስቲክ ቀለም ከተቀባ እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ከአንድ ሁለት ክረምት በኋላ ልስኑ ከታች አንድ ሜትር ያህል ያብጥና ይረግፋል። መልሱ አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ አሸዋ ለስኖ፣ እንዲደርቅ ጊዜ ሰጥቶ፣ በኖራ ቀለም መቀባት ነው። ይህ ጊዜ ይፈልጋል፤ የምረቃ ቀን አስቀድሞ ሲቆረጥ ደግሞ መጀመሪያ የሚሠዋው ይህ የማድረቂያ ጊዜ ነው።

ኤሌክትሪኩን በአጭሩ። 1,000 ዋት የሚበሉ 40 የድሮ የመድረክ መብራቶች 40 ኪሎ ዋት ይስባሉ። በአንድ ፌዝ ከተጫኑ 182 አምፔር፣ በሦስት ፌዝ ከተከፋፈሉ በእያንዳንዱ 61 አምፔር ገደማ ነው። በድሮ ሽቦና በላላ ማሰሪያ ላይ ይህ ጭነት እሳት ነው። ባለ 200 ዋት ኤልኢዲ ከተተካ ጠቅላላው ወደ 8 ኪሎ ዋት ይወርዳል። ነገር ግን በርካሽ የተገዛው ቀስ እያለ መጥፋት አይችልም፤ 10 በመቶ ላይ ሲደርስ ድንገት ድርግም ይላል፣ ካሜራ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ የመብራቱ ማቀዝቀዣ ማራገቢያም በጸጥታው ትዕይንት ይጮሃል። ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ናሙና አስመጥታችሁ በጨለማ አዳራሽ ሞክሩት። ጀነሬተር መብራቱን እስኪረከብ 10 እና 15 ሰከንድ ይፈጃል፤ ያን ክፍተት የሚሸፍን ባትሪ ለድምፅ መቆጣጠሪያውና ለመውጫ መብራቶች የግድ ነው።

ስለ መድረኩ ወለል ስንናገር ድምፃችን ከፍ ቢል ይቅርታ ይደረግልን። መድረክ ላይ ሴራሚክ አይነጠፍም። የመድረክ ግንባታው በብሎን ወለሉ ላይ ይታሰራል፤ ሴራሚክ ብሎን አይቀበልም። ተዋናይ ያንሸራትታል፣ ኮቴ ያስጮሃል፣ መብራትን ወደ ተመልካቹ ዓይን ይመልሳል። ጣውላ ነው የሚያስፈልገው፤ በማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ በየዓመቱ የሚታደስ። ከላይ የሚሰቀሉ ብረቶችና ገመዶችም አሉ፦ ሰው ከሥር ስለሚቆም ገመዱ ከሚጫንበት ክብደት ከ8 እስከ 10 እጥፍ መሸከም አለበት፤ ጭረት የታየበት ወዲያው ይወገዳል። ግንባታ ተቋራጩ ይህን ሥራ ለብረት በያጁ ሊተወው አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚረሳው መጋዘኑ ነው። በእኛ ቴአትር ቤቶች ልማድ አንድ ቴአትር በሳምንት አንድ ቀን ይታያል፤ በሌላው ቀን ሌላ። ማክሰኞ ማታ የቆመው የነጋዴ ሳሎን ረቡዕ ጠዋት ይፈርሳል፣ በቦታው የገጠር ጎጆ ይቆማል፣ ሐሙስ ደግሞ እሱም ይነሳል። አምስት ቴአትር የያዘ ቤት የአምስት ቴአትር ግድግዳ፣ በር፣ መስኮት፣ ሶፋና አልጋ በየተራ የሚያኖርበት ቦታ ይፈልጋል። ለአንዱ ከ20 እስከ 25 ካሬ ሜትር፣ ለአምስቱ ከ100 እስከ 125 ካሬ ሜትር ነው፤ ያውም ከመድረኩ ጋር በአንድ ወለል፣ ደረጃ ሳይኖረው። እድሳት ሲመጣ ግን ይህ ክፍል በፕላኑ ላይ «ባዶ ክፍል» ሆኖ ይታይና ቢሮ ወይም ካፌ ይሆናል። ከዚያ የቺፑድ ግድግዳዎቹ ግቢ ውስጥ በላስቲክ ተሸፍነው ይደገፋሉ፤ አንድ ዝናብ ጠርዛቸውን ያሳብጣል፣ በሮቹ አይገጥሙም፣ ቀለሙ ይላጣል። ወጪው ሲደጋገም አዘጋጁ በሁለት መጋረጃና በአንድ ወንበር የሚያልቅ ቴአትር መምረጥ ይጀምራል። ተመልካቹ «ቴአትሩ ደከመ» ይላል፤ የደከመው መጋዘኑ ነው።

የጀርባ በሩም ያው ነው። አንድ የቺፑድ ሰሌዳ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው። የዕቃ መግቢያው ቢያንስ 2.5 ሜትር ወርድና 3 ሜትር ቁመት ሊኖረው፣ አይሱዙም ጀርባውን ሰጥቶ እስከ በሩ ሊጠጋ ይገባል። በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር፣ ከፍ ያለ የድንጋይ ጠርዝና የአበባ መደብ በዚህ በር ፊት ካለፉ፣ ዕቃው በሰው ትከሻ ከ100 ሜትር ርቀት ይጓዛል፤ በሁለት ሰዓት የሚያልቀው ጭነት ግማሽ ቀን ይወስዳል፣ በዚያ ቀን የሚደረገው ልምምድም ይቀራል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ 4 ሜትር ርዝመት ያለው ዝቅ ያለ ጠርዝና በተወሰነ ሰዓት ለጭነት የሚከፈት መተላለፊያ። የመንገዱ ንድፍ ሲሠራ የቴአትር ቤቱ የመድረክ ኃላፊ ይጠራ።

የአደጋ በሮች ወደ ውጭ ይከፈቱ፤ ትርኢት እያለ ቁልፍ አይግባባቸው። እ.ኤ.አ. በ1903 በቺካጎ ኢሮኮይ ቴአትር 602 ሰው የሞተው በሮቹ ተቆልፈውና አከፋፈታቸው አስቸግሮ ጭምር ነው። እሳት እንዳይዘው የተነከረ መጋረጃም በውኃ ከታጠበ መከላከያው አብሮ ይታጠባል፤ ከእጥበት በኋላ እንደገና ይነከር፣ ከጠርዙ ቁራጭ ተቆርጦ ውጭ በክብሪት ይሞከር።

አዳራሹ ተስተካክሎም ተመልካቹ መምጣት አለበት። በእግሩ ይመጣ የነበረው የፒያሳ ነዋሪ ብዙው ዛሬ በከተማዋ ዳርቻ ነው የሚኖረው። 12 ሰዓት የተጀመረ ቴአትር 2 ሰዓት አካባቢ ሲያልቅ ወደ ቤቱ የሚወስደው ካላገኘ በሚቀጥለው ሳምንት አይመለስም። ከአውቶቡስ ድርጅቶች ጋር ተነጋግሮ ቴአትር በሚያልቅበት ሰዓት ከበሩ የሚነሱ ሁለት ሦስት መስመሮችን ማመቻቸት ለግንባሩ ከሚወጣው የመብራት ወጪ ያነሰ ነው። የመንገድ ዳር ክፍሎቹም ለቡና ቤት፣ ለመጻሕፍት መደብርና ለእራት ቤት ይከራዩ እንጂ 11 ሰዓት ላይ ለሚዘጋ ቢሮ አይሰጡ። ኪራዩ ለጥገና ብቻ በተለየ ሂሳብ ይግባ፤ ሕንፃውን እንደ አዲስ ለመሥራት ከሚጠይቀው ዋጋ በዓመት 2 በመቶ ገደማ ለጥገና ካልተመደበ የዛሬው እድሳት ከአሥር ዓመት በኋላ እንደገና ይጠየቃል።

የተቋራጩ ውል ላይ አንድ አንቀጽ እንዲገባ አጥብቀን እንጠይቃለን። ርክክቡ ቀን ላይ በባዶ አዳራሽ አይደረግ። በሐምሌ ወይም በነሐሴ ምሽት ይሁን፤ ወንበሩ በሰው ይሞላ፣ ሁለት የተለያዩ ቴአትሮች በተከታታይ ቀናት ቆመው ይነሱ፣ በመሀል መብራት ሆን ተብሎ ይጥፋ፣ ከመጨረሻው ረድፍ የተቀመጠ ሰው ያለ ድምፅ ማጉያ የተነገረውን ቃል ይጻፍ። ያልተሰማው፣ ያፈሰሰውና የጠፋው ሁሉ በዝርዝር ተይዞ እስኪስተካከል የመጨረሻው ክፍያ ይቆይ።

ከአክብሮት ጋር፣
በመድረክ ቴክኒክ ሥራ ላይ የተሰማሩ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ